የብረት ወንፊቱ ለምን ወረቀት መሰለ?

ጥያቄ፦ «በፎቶሾፕ የስፒከር ፊት ላይ እንዳለው ያለ ቀዳዳ ቀዳዳ የብረት ወንፊት ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። ትንሽ ሰነድ ከፍቼ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ ከነጣ ወደ ጠቆር የሚሄድ ቀለም) ያለው ግራጫ ቀባሁ፣ ጥቁር ክብ ሳልኩበት፣ ፓተርን (እየተደጋገመ ገጽ የሚሞላ ቁራጭ) አድርጌ ትልቁን ገጽ ሞላሁት። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ፓተርኑ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ መስመር ይታያል። ሁለተኛ፣ ብረት መሆኑ ቀርቶ ወረቀት ላይ የተነጠበ ጥቁር ነጥብ ይመስላል። ቤቨሉን (ለጠርዝ ድምቀትና ጥላ የሚሰጠውን ስታይል) ብጨምር ብቀንስ ለውጥ የለም። ሦስተኛ፣ ምስሉን ሳሳንሰው ሞገድ የሚመስል ነገር ይመጣበታል። እባክዎ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሦስቱም እኔ ላይ ደርሰዋል፣ ያውም በዚሁ ቅደም ተከተል።

የቤቨሉን ቁጥር ለጊዜው እርሺው። ችግሩ እዚያ አይደለም። ግራጫ ቀለም ብቻውን ብረት ሆኖ አያውቅም። ዓይናችን «ይሄ ብረት ነው» የሚለው ብርሃኑ የት እንዳረፈና የት እንደጠፋ አይቶ ነው። ወንፊት ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ብርሃን አለ። አንዱ ትንሹ ነው፤ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ያርፋል። እሱ ከቀዳዳው ጋር አብሮ ይደገማል። ሌላው ትልቁ ነው፤ ላሜራው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። እሱ አይደገምም። አንቺ ሁለቱንም አንድ ፓተርን ውስጥ ከተትሻቸው። ግራዲየንቱ ከላይ ነጣ ብሎ ከታች ጠቆር ካለ፣ ፓተርኑ ሲደጋገም የአንዱ ጥቁር ታች ከሌላው ነጭ ላይ ጋር ይገጥማል። መስመሩ ይኸው ነው። ክቡን ፍጹም አድርገሽ ብትስዪው እንኳ አይጠፋም።

ስለዚህ ፓተርኑ ውስጥ የቀዳዳው ቅርጽ ብቻ ይግባ። ነጭና ጥቁር፣ ሌላ ምንም። ነጩ ብረት ነው፣ ጥቁሩ ቀዳዳ ነው። ብርሃኑን በኋላ ለብቻው እናመጣዋለን።

አሁን ቁራጩን እንሥራ። አብዛኛው በማሽን የተበሳ ላሜራ ቀዳዳዎቹ በቀጥታ አንዱ ከአንዱ ሥር አይደረደሩም። ረድፎቹ ይፈራረቃሉ። እያንዳንዱ ቀዳዳ በእኩል ርቀት ስድስት ጎረቤት አለው፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ይህን በአራት ማዕዘን ቁራጭ ለመያዝ የቁራጩ ቁመት የስፋቱ 1.732 እጥፍ መሆን አለበት። የሦስት ካሬ ሥር ማለት ነው። ፒክስል ደግሞ ግማሽ የለውም። ስለዚህ የሚቀራረብ ሙሉ ቁጥር መፈለግ ግድ ነው። እኔ የምወደው 60 በ104 ነው። ወደ ጎን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ 60 ፒክስል ይሆናል፣ በሰያፍ 60.03። ይህን ልዩነት የሚያይ ዓይን የለም። ብዙ ሰው 100 በ100 ይከፍትና ረድፎቹ ለምን እንደተጨፈለቁ ይገርመዋል።

60 በ104 የሆነ ሰነድ ክፈቺ፣ ነጭ አድርጊው። የኤሊፕስ መሣሪያውን ይዘሽ ገጹ ላይ አንዴ ተጫኚ። መጠን ይጠይቅሻል፤ 40 በ40 ብለሽ ጻፊ። ጥቁር ቀቢው። ከዚያ በአላይን ልክ ሰነዱ መሐል ላይ አስቀምጪው። በእጅ አታስተካክዪ። እጅ አንድ ፒክስል ይስታል፣ አንድ ፒክስል ሲደጋገም ደግሞ ጉድ ያደርጋል። ክቡ ከግራ 10፣ ከላይ 32 ፒክስል ላይ ከጀመረ ትክክል ነው። ሌየሩን (ክቡ ያለበትን ንጣፍ) ራስተራይዝ አድርጊ፣ ማለትም ወደ ፒክስል ቀይሪውና ቅጂ አውጪለት። ቅጂው ላይ ፊልተር፣ አዘር፣ ኦፍሴት ውስጥ ግቢ። ወደ ጎን 30፣ ወደ ታች 52 አድርጊ። ከታች ራፕ አራውንድ የሚለው መመረጡን እዪ። ክቡ ለአራት ተቆርጦ አራቱ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል። ቆራጩ ሶፍትዌሩ ስለሆነ ሩቦቹ ሲገናኙ አይዛነፉም። አዳዲሶቹ የፎቶሾፕ ስሪቶች ላይ ቪው ውስጥ ፓተርን ፕሪቪው የሚባል አለ። እሱን ብትከፍቺ ቁራጩ ሲደጋገም እዚያው ታዪዋለሽ። ካማረሽ ኤዲት፣ ዲፋይን ፓተርን።

ከክቡ ስፋት ጋር ስትጫወቺ አንድ ነገር አስቢ። በዚህ ልክ ከላሜራው 40 በመቶ ገደማ ክፍት ነው፣ በቀዳዳዎቹ መሐል የቀረው ብረት ደግሞ በጠባቡ ቦታ 20 ፒክስል ነው። ክቡን 54 ብታደርጊው ብረቱ 6 ፒክስል ይቀረዋል። ያኔ ወደ መረብነት ይሄዳል፤ ብርሃን የሚያርፍበት ሜዳ ያጣል። 24 ብታደርጊው ደግሞ የተነጠበ ሰሌዳ ነው የሚመስለው። ስፒከር ከፈለግሽ 40 ላይ ቆዪ።

አሁን ወደ ትልቁ ሰነድ። 1920 በ1040 ክፈቺ። 1080 አላልኩም። 1040 ለ104 ልክ አሥር ጊዜ ይካፈላል፣ 1920 ለ60 ልክ 32 ጊዜ። ምክንያቱን ቆይተሽ ታዪዋለሽ።

ከታች ጠቆር ያለ ሌየር አስቀምጪ። ድፍን ጥቁር አይሁን። ከቀዳዳው ጀርባ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ፤ ጨርቅ፣ ሌላ ብረት፣ አየር። ሦስቱም የአር ጂ ቢ ቁጥሮች 20 አካባቢ ያለ ጥቁር ግራጫ ይበቃል። ከእሱ በላይ አዲስ ሌየር ፍጠሪና መካከለኛ ግራጫ ሙዪው። ብረቱ ይሄ ነው። ሌየር ማስክ ጨምሪለት፤ ማስክ ላይ ነጩ ሌየሩን ያሳያል፣ ጥቁሩ ይደብቃል። ኦልት ይዘሽ ማስኩን ተጫኚ፤ ገጹ ሙሉ ነጭ ይሆናል። ኤዲት፣ ፊል ግቢና ፓተርን መርጠሽ የሠራሽውን ሙዪበት። ተመልሰሽ ሌየሩን ስትጫኚ ግራጫው በእውነት ተበስቷል።

ቤቨልሽ ያልሠራው ለዚህ ነበር። ቤቨል የሚከተለው ሌየሩ የሚያልቅበትን ጠርዝ ነው። የአንቺ ሌየር ግን አላለቀም፤ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነበር፣ ቀዳዳዎቹም የተቀቡ ነበሩ። ቤቨሉ ሥራውን ሠርቷል፣ ግን የሠራው የገጹ አራት ዳር ላይ ነው። አጉልተሽ ዳሩን ብታዪ ታገኚው ነበር። አሁን ግን ማስኩ ቀዳዳውን እውነተኛ ስላደረገው እያንዳንዱ ክብ ጠርዝ አለው።

ቤቨል ኤንድ ኢምቦስን ክፈቺ። ስታይሉ ኢነር ቤቨል፣ መጠኑ 2 ወይም 3 ፒክስል። 10 አታድርጊው። በቀዳዳዎቹ መሐል ያለው ብረት 20 ፒክስል ስለሆነ ከሁለት ወገን 10 ሲመጣ ሜዳው ያልቃል፤ ላሜራው ዳቦ ይመስላል። ማዕዘኑን 90 አድርጊ፤ ቀጥታ ከላይ ማለት ነው። ዩዝ ግሎባል ላይት የሚለውን አትንኪ። እሱ ሲኖር ድሮፕ ሻዶውና ቤቨል አንድ ፀሐይ ይጋራሉ። ነጩን ድምቀት ከ60 በመቶ በላይ አታውጪው።

ብርሃን ከላይ ሲመጣ ቀዳዳ እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። የቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ ይጨልማል፣ ጥላውንም ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይጥላል። የታችኛው ጠርዝ ብርሃኑን ይቀበላል። ይህን ከገለበጥሽው ቀዳዳው ወደ ውጭ ያበጠ ቁልፍ ይሆናል። አእምሯችን ሌላ ፍንጭ ሲያጣ ብርሃን ከላይ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። የጨረቃን ፎቶ ገልብጠሽ ብታዪ ጉድጓዶቹ ኮረብታ ይሆናሉ፤ ያው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ወንፊት ሠርቼ ለአቀማመጡ ስል ገለበጥኩትና ሳላስተውል አስረከብኩት። ደንበኛው «ወንፊቱ ጥሩ ነው፣ ግን ለምን እንክብል ተለጠፈበት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወንፊት አልገለብጥም።

ድሮፕ ሻዶው ደግሞ ርቀቱ 5፣ መጠኑ 5፣ ኦፓሲቲው (የጥላው ጥንካሬ) 70 በመቶ አካባቢ ይሁን። ጥላው ጥቁሩ ላይ ስለሚወድቅ ብዙም አይታይም። ስለዚህ የታችኛው ሌየር መሐል ላይ ትንሽ ነጣ ያለ ክብ ግራዲየንት ጨምሪ። ያኔ ጥላው የሚወድቅበት ያገኛል።

እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ይሠራዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን ይዘለዋል። ላሜራ ውፍረት አለው። በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ግድግዳ ይታያል። ያለ እሱ ወንፊቱ እንደ ምላጭ የሳሳ ነው። የብረቱን ሌየር ቅጂ አውጪና ከዋናው ሥር አስገቢው። ስታይሉን ሁሉ አጥፊለት። ማስኩን መርጠሽ ኦፍሴት ግቢ፣ ወደ ጎን 0፣ ወደ ታች ደግሞ ከዜሮ በታች 3 አድርጊ። ማለትም ቀዳዳዎቹ 3 ፒክስል ወደ ላይ ይሄዳሉ። አሁን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ታችኛው ክፍል ቀጭን ጨረቃ ብቅ ትላለች። ግድግዳዋ እሷ ናት። ወደ ላይ ስለምታይ ብርሃን ታገኛለች፤ ስለዚህ ከብረቱ ፊት ነጣ አድርጊያት። 1040 ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቁመቱ ለ104 ካልተካፈለ ኦፍሴቱ ሲዞር የታችኛው ዳር ላይ የተቆረጠ ረድፍ ይጥልብሻል።

ይህቺ ጨረቃ የምታደርገውን ለማየት አንዴ ደብቂያት፣ አንዴ መልሻት። ከቤቨሉም ከጥላውም በላይ ለውጥ ታመጣለች።

አሁን ትልቁ ብርሃን። አዲስ ሌየር ከብረቱ በላይ ፍጠሪና ክሊፒንግ ማስክ አድርጊው፤ ብረቱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ። ግራዲየንት ሳቢበት፣ ከላይ ወደ ታች ወይም በሰያፍ። ግን ከነጭ ወደ ጥቁር በዝግታ የሚሄድ አይሁን። እንዲህ ያለው ፕላስቲክን ወይም ግድግዳን ይመስላል። ብረት በዙሪያው ያለውን ስለሚያንጸባርቅ ድንገት ይነጣል፣ ድንገት ይጠቁራል። ግራዲየንቱ ላይ አምስት ቦታ ምረጪና ግራጫቸውን (0 ጥቁር፣ 255 ነጭ) እንዲህ አድርጊ፦ 70፣ 190፣ 110፣ 225፣ 85። ርቀታቸው እኩል አይሁን። ሁለቱን አቀራርቢ፣ አንዱን ዘርጊው። በተቀራረቡ ቁጥር ብረቱ የተወለወለ ይመስላል፤ በተራራቁ ቁጥር ፈዘዝ ያለ።

የመቦረሽ ጭረት ከፈለግሽ ሌላ ክሊፕ የተደረገ ሌየር ላይ 128 ግራጫ ሙዪ። አድ ኖይዝ 50 በመቶ፣ ጋውሲያን፣ ሞኖክሮማቲክ። ከዚያ ሞሽን ብለር፣ ማዕዘን 0፣ ርቀት 80። ሁነታውን ሶፍት ላይት አድርጊና ኦፓሲቲውን ወደ 35 በመቶ አውርጂው። 128 ግራጫ በሶፍት ላይት ምንም አይለውጥም፤ ጭረቱ ብቻ ይቀራል። ሞሽን ብለር ግራና ቀኝ ዳር ላይ የተጎተተ ነገር ይተዋል። ሌየሩን በትራንስፎርም ወደ ጎን 115 በመቶ ለጥጠሽ ዳሩን ከገጹ ውጪ አስወጪው። ሲለጠጥ አይበላሽም፤ ጭረት አይደል።

ቀለሙን በተመለከተ ብረቶች ይለያያሉ። አሉሚኒየም ግራጫ ነው፤ ለማይዝግ ብረት ቅንጣት ሰማያዊ ጣል ብታደርጊበት ያምርበታል። መዳብና ነሐስ ላይ ግን ስህተት የሚበዛው ድምቀቱ ላይ ነው። ፕላስቲክ ምንም ቀለም ይኑረው ድምቀቱ ነጭ ነው። መዳብ ግን የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ራሱን ያቀላዋል። ስለዚህ ቤቨሉ ውስጥ ያለውን የድምቀት ቀለም ከነጭ ወደ ነጣ ያለ ብርቱካናማ ቀይሪ። ይህን ካልቀየርሽ መዳብሽ ቡናማ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ሞገዱ ነበር። ስሙ ሞይሬ ነው። ሁለት የተደጋገሙ ነገሮች ሲደራረቡና እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ የሚወለድ ሦስተኛ ቅርጽ ነው። ሁለት ስስ መጋረጃ ደራርበሽ ብታዪ ያው ሞገድ ይታይሻል። እዚህ አንዱ የቀዳዳዎችሽ ድርድር ነው፣ ሌላው የስክሪኑ ፒክስል ድርድር። ምስሉን ወደ 37 በመቶ ስታሳንሺው 60 ፒክስል የነበረው ርቀት 22.2 ይሆናል። ሽርፍራፊዋ 0.2 ቦታ የላትም። አንዱ ቀዳዳ በ22 ይቀመጣል፣ ከአምስት አንዱ በ23። በየጊዜው የሚመጣው ዝላይ ሞገድ ሆኖ ይታያል።

መጀመሪያ ግን ሞገዱ እውነት መሆኑን አረጋግጪ። ፎቶሾፕ ውስጥ 33 ወይም 67 በመቶ ላይ ሆነሽ ስታዪ ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ እይታው ብቻ ይሞገዳል። ሁልጊዜ በ100 በመቶ ፍረጂ። እዚያም ካለ ያለቀውን ምስል አታሳንሺ። ቁራጩን በሚፈለገው መጠን እንደገና ሥሪው፤ 30 በ52 ከክብ 20 ጋር ያው ምጣኔ ነው። ማስኩን እንደገና መሙላት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የግድ ማሳነስ ካለብሽ በ50 ወይም በ25 በመቶ አሳንሺ፤ 60 ወደ 30 ወይም 15 ይወርዳል፣ ሽርፍራፊ የለም። ከ6 ፒክስል በታች የሚወርድ ርቀት ከሆነ ግን ተዪው። ቀዳዳው ከእንግዲህ ክብ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ግራጫ ከትንሽ ኖይዝ ጋር ይሻላል።

ስታስቀምጪ ፒኤንጂ አድርጊ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቀው ጥቃቅን ጠርዝ ሲበዛ ያቆሽሸዋል። ጄፔግ ግድ ከሆነ ጥራቱን ከፍ አድርጊ።

የተበሳ ላሜራ ሳይሆን የተጠለፈ የሽቦ ወንፊት ብትፈልጊ ዘዴው ሌላ ነው። እዚያ ብርሃኑ በሽቦው ክብነት ላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ የሽቦው ጥላና ድምቀት ፓተርኑ ውስጥ መግባት ይችላል። ቁራጩን 80 በ80 አድርጊና ሁለት አግድም፣ ሁለት ቀጥ ያለ ሽቦ ሳዪ፤ መሐላቸው 20ና 60 ላይ፣ ውፍረታቸው 16። እያንዳንዱ ሽቦ ዳርና ዳሩ ጥቁር፣ ወደ መሐል ነጭ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ቁራጭ አይሠራም። ሽመናው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ስለሚሄድ ተመልሶ ወደ ራሱ የሚመጣው በየሁለት ሽቦው ነው። ቀጥ ያሉትን ከላይ አድርጊና በሰያፍ ትይዩ በሆኑ ሁለት መገናኛዎች ላይ በማስክ ደብቂያቸው። ሌሎቹ ሁለቱ መገናኛዎች እንዳሉ ይቆያሉ። መገናኛው ላይ ወደ ታች በሚገባው ሽቦ ላይ ስስ ጥላ ካላደረግሽ ሽቦዎቹ የተጣበቁ ይመስላሉ።

ፎቶሾፕ ከሌለሽ ጊምፕም ይሠራዋል። ኦፍሴቱ ሌየር፣ ትራንስፎርም ውስጥ አለ። ቁራጩን ኮፒ ስታደርጊ ከፓተርኖች ዝርዝር ውስጥ ራሱ ይገባል። በቤቨል ፋንታ ፊልተር፣ ማፕ ውስጥ ያለውን በምፕ ማፕ ተጠቀሚ። የቀዳዳውን ነጭና ጥቁር ምስል መነሻ አድርጊለት። መጀመሪያ ግን ምስሉን በ2 ፒክስል ጋውሲያን ብለር አለዝቢው፤ ካለበለዚያ ጠርዙ መጋዝ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሠርተሽ በቀዳዳ ፋንታ ጥቁር መሬት ላይ የተደረደረ ሳንቲም ካየሽ አትደንግጪ። ማስኩ ላይ ነጭና ጥቁሩ ተገላብጦ ነው። ማስኩን ተጫኚና ኮንትሮል አይ በይው።